መቶ ሳይሞላ

በዚያ ከተማ የተጋባ ሰው ሁሉ ወደ ሰርጉ አዳራሽ ሦስት ጊዜ ገብቷል። አንዴ ለራሱ፣ ሁለቴ ለቪዲዮ ቀራጩ። ሙሽሮቹ ከመኪና ወርደው፣ በጭብጨባ ተከበው፣ ልባቸው እየደለቀ መሃል ሲደርሱ፣ ያ ረጅም ሰውዬ ካሜራውን ከትከሻው ሳያወርድ እጁን ያነሳና «ድጋሚ!» ይላል። ይመለሳሉ። ኬክ ይቆረሳል፤ «ድጋሚ!» የሙሽራዋ አባት ልጁን ስሞ ዕንባውን ይጠርጋል፤ «አባባ፣ ይቅርታ፣ ድጋሚ!» ሰው መጀመሪያ ተናደደ፣ ቀጥሎ ሳቀ፣ በኋላ ለመደው። የሰውየውም ስም ይኸው ሆኖ ቀረ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚህ ሥራ ሲኖር ከእናቱና ከሚስቱ በቀር በመዝገብ ስሙ የሚጠራው አልነበረም። ድጋሚ ነው፤ አለቀ።

ድጋሚ በሥራው አያፍርም። ቤቱን ያቆመበት ነው። ብቻ ዕድሜው አርባውን ሲዘል አንድ ነገር ውስጥ ውስጡን ይቆረቁረው ጀመር። ከቀረጻቸው ሙሽሮች ስንቶቹ ተፋትተዋል! ያልተፋቱትም ቪዲዮውን አንድ ሁለቴ አይተው መሳቢያ ውስጥ ጥለውታል።

«ይሄን ሁሉ ዓመት ቀርጬ ቀርጬ፣» አላት አንድ ቀን ለሚስቱ፣ «አንድ ሰው አይቶት ልቡ የተነካበት ነገር የለኝም።»

«የኛንም ሰርግ ቆጥረህ ነው?» አለችው። በራሱ ሰርግ ላይ ካሜራውን ከባልደረባው እጅ ነጥቆ ሙሽራዋን ብቻዋን ሁለት ጊዜ ያስገባ ሰው ነው፤ እሷም እስከ ዛሬ አልረሳችለትም።

ስለዚህ ቤተ ክርስቲያናቸው ሦስት ሰዎችን ለወንጌል ሥራ ወደ ሩቅ አገር ልትልክ መሆኗ ሲነገር፣ ድጋሚ እጁን ያወጣው ማስታወቂያው ተነቦ ሳያልቅ ነበር። ሥራው ቪዲዮ መቅረጽ ነው። በዚያ አገር ያሉት አማኞች ጥቂትና የተበተኑ ናቸው፤ አብዛኞቹ ማንበብ አይችሉም፤ ስልክ ግን አላቸው። እንግዲህ የራሳቸው ሰዎች በራሳቸው ቋንቋ የሚሰጡትን ምስክርነት ቀርጾ፣ ከስልክ ወደ ስልክ እንዲዳረስ አድርጎ መመለስ ነው። ሃያ አንድ ቀን ይፈጃል። ቡድኑን የሚመራው ከዚህ ቀደም አንዴ እዚያ ደርሶ የተመለሰው ወንጌላዊ ነው። ድምፁን የሚይዘው ሬዲዮ ጠጋኙ ሽቦ ነው፤ ሽቦ የተባለው በሥራውም በቁመናውም ነው። የካሜራው ቦታ ብቻ ክፍት ነበር።

ተጓዦቹን የሚመርጠው ኮሚቴ ሰብሳቢ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናቸው። መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አውርደው ሲያዩ፣ ሽማግሌም ቢሆን ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ ይከታል። ድጋሚን እንዲያ አዩት።

«አንተ ልጅ፣ ጥሩ እንደምትቀርጽ አውቃለሁ። የልጄን ሰርግ ቀርጸሃል። እኔንም በዚህ ጉልበቴ ደረጃውን ሦስት ጊዜ አስወጥተኸኛል።»

«ይቅርታ እትዬ፣ ብርሃኑ እኮ ነው...»

«ብርሃኑን ተወው። ወንጌላዊ፣ የባለፈውን ንገረው።»

ወንጌላዊው ጉሮሮውን ጠረገ። ድምፁ ከሰውነቱ የሚበልጥ ሰው ነው።

«ባለፈው አብሮን የሄደው ካሜራ ያዥ፣ ቤቱን ጎርፍ የወሰደበትን አንድ ሽማግሌ ቀረጸ። ሽማግሌው እየተናገረ አለቀሰ። ካሜራ ያዡ ‹ጥላ ገብቶበታል፣ እንደገና ይበልልን› አለ። አስተርጓሚው ነገረው። ሽማግሌው ዝም ብሎ አየንና ምን ቢል ጥሩ ነው? ‹መጀመሪያ ስናገር አላመናችሁኝም ማለት ነው?›»

«ወይ ጉድ፣» አለ ሽቦ በለሆሳስ።

«ከዚያ ወዲያ አንድ ቃል አልተነፈሰም። የመንደሩም ሰው አፉን ዘጋብን። ባዶ እጃችንን ተመለስን።»

ዳይሬክተሯ እርሳሳቸውን ጠረጴዛው ላይ አንኳኩ። «ስለዚህ ትፈተናለህ። ቅዳሜ ጠዋት የአንድ ሰው ምስክርነት ቀርጸህ ትመጣለህ። ሽቦ ማይኩን ያውስህ እንጂ አያግዝህም፤ እዚያ አንዳችሁ ቢታመም ሌላው ሥራውን መሸፈን አለበት። እና አንዴ ብቻ! ሰውየውን መልሰህ አታስለፈልፈውም። ጥሩ ሆኖ ካገኘነው ፓስፖርትህ ለቪዛ ይላካል። ካልሆነ ሌላ ሰው እንፈልጋለን።»

«እትዬ፣ በዚያውም ስሙን ይቀይሩለት!» አለ ሽቦ፤ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ድጋሚም አብሮ ሳቀ፤ ሆዱ ግን አልሳቀም። መሄድ ይፈልጋል። ሕፃን ልጅ አንድ ነገር እንደሚፈልግ ነው የሚፈልገው።

ውጪ ሲወጡ ሽቦ ገመድ አልባውን ማይክ ከኪሱ አወጣ፤ ከአውራ ጣት አይበልጥም። «ይቺን መብራት አየሃት? አረንጓዴ ስትሆን ይሰማል። ቀይ ስትሆን ዝግ ነው። ማዳመጫውንም ጆሮህ ላይ አድርግ።»

«ሽቦ፣ እኔ ካሜራ ከጨበጥኩ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው።»

«ካሜራ መቼ አልኩህ? ማይክ ነው ያልኩህ።»

«እሺ አባቴ፣ እሺ።»

ማንን ልቅረጽ ብሎ አልተጨነቀም። እናቱ አለችለት።

እናቱ ዕድሜዋን በሆስፒታል ልብስ አጣቢነት የጨረሰች፣ ጡረታ ከወጣች ወዲህ ከእነሱ ጋር በጓሮው በኩል ባለችው ክፍል የምትኖር ሴት ናት። ምስክርነቷን በቤተ ክርስቲያን የማያውቅ የለም። ዓመት እየጠበቀች ትነሳና፣ «ልጄ በስድስት ዓመቱ አውቶቡስ ተራ ጠፍቶብኝ፣ በዚያ ሁሉ ሰው መሃል ጌታ ጠብቆ መለሰልኝ፤ ስሙ ይባረክ» ትላለች። «መለሰልኝ» ስትል ቀኝ እጇን ከፍ ታደርጋለች፤ ጉባኤው «አሜን» ይላል፤ ትቀመጣለች። አጭር ናት፤ እጇ ሲነሳ ግን ያምራል። ድጋሚ ለዓመታት ያቺን እጅ በዓይኑ ሲቀርጻት ኖሯል።

እሱ ራሱ ከዚያ ቀን የሚያስታውሰው ጥቂት ነው፤ አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር፣ መዳፉ ላይ የተጣበቀ ከረሜላ፣ እና አውቶቡስ መቁጠር። እስከ ስልሳ አራት ቆጥሯል። «ትምህርት ቤት ሳልገባ እስከ ስልሳ አራት የቆጠርኩ ሰው ነኝ» እያለ ሲጎርር ሰው ይስቃል። እናቱ ግን ይህን ሰምታ ስቃ አታውቅም፤ የሚነሳ ዕቃ ፈልጋ ከክፍሉ ትወጣለች። ድጋሚ ይህን ልብ ብሎት አያውቅም።

«እማዬ፣ የዚያን ቀኑን ልቅረጽሽ፣» አላት ማክሰኞ። «አምስት ደቂቃ ያህል።»

«አምስት ደቂቃ? እኔ የምለው አንድ ደቂቃም አይሞላ።»

«ዘርዘር አድርጊያታ። በሰርግ ቤት ስንት ወሬ የምታወሪ ሴት! እንግዳ ሰው ያየዋል ብለሽ አስቢ፤ ከመጀመሪያው ጀምረሽ ሁሉንም ንገሪ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

እናቱ እጇ ላይ ያለውን ፎጣ ስታጥፍ ቆየች። አጥፋ ጨርሳ ዘረጋችው፤ እንደገና አጠፈችው። «እሺ፣» አለች መጨረሻ ላይ። «ሁሉንም ከሆነ ግን እስከ ሐሙስ ስጠኝ። ልጸልይበት።»

ፀጉሯን ልትሠራ ጊዜ የፈለገች መስሎት በልቡ ሳቀ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ክፍሏን ገለበጣት። አልጋውን ገፋ፣ የቀን መቁጠሪያውን ከግድግዳው አወረደ፣ ወንበሩን ሦስት ጊዜ አዘዋወረ፤ በመጨረሻ የመስኮቱ ብርሃን ግማሽ ፊቷ ላይ ብቻ እንዲወድቅ አድርጎ አስቀመጣት። ሚስቱን ብርሃን የሚመልሰውን ነጭ ሰሌዳ አስያዛት። ማይኳን እናቱ አንገትጌ ላይ ሲያያይዝ መብራቷን አየ። ቀይ ናት። «ጥሩ፣» አለ። በእሱ ካሜራ ላይ ቀይ መብራት ማለት «እየቀረጽኩ ነው» ማለት ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ቀይ ሲያይ ልቡ ያርፋል። ማዳመጫውንም አንገቱ ላይ አጠለቀው፤ እዚያው ቀረ። ለሰርግ ቪዲዮ ድምፅ ማን ይፈልጋል? ዘፈን ይለጠፍበታል።

እናቱ ጀመረች።

ድጋሚ ስክሪኑን እያየ ነበር። እንዴት ያለ ፊት ነው! ብርሃኑ በጉንጯ ላይ እንደ ውኃ ይወርዳል። ሳሙና የበላቸው ጣቶቿ ጭኗ ላይ ተቆላልፈዋል። ቀስ ብሎ ወደ እጆቿ ቀረበ፣ ቀስ ብሎ ተመለሰ። ታሪኩን እንደ አባታችን ሆይ በቃሉ ስለሚያውቀው ጆሮውን አላዋሰውም፤ የሚጠብቀው «መለሰልኝ» የምትልበትን፣ እጇ የሚነሳበትን ቅጽበት ነው። እጇ ግን አልተነሳም። ትናገራለች፣ ታቆማለች፣ ትናገራለች። አንድ ጊዜ ዓይኗን ከካሜራው ላይ አንስታ እሱን ትኩር ብላ አየችው። ድጋሚ ስክሪኑን ሳይለቅ በጣቱ «እዚህ፣ እዚህ» ብሎ ወደ ካሜራው መስታወት አመለከታት። ዓይኗን መለሰች። ብርሃኑ ከፊቷ ሸሸ፤ ዞር ሲል ሰሌዳው በሚስቱ እጅ ላይ ዘንበል ብሏል፣ ዕንባዋም እየወረደ ነው። «ይኸው፣» አለ በሆዱ፣ «ሚስቴን እንኳ ካስለቀሰ ኮሚቴው ምን ይሆናል!» እና ሰሌዳውን ቀጥ እንድታደርግ በአገጩ ምልክት ሰጣት።

እናቱ ጨረሰች። ካሜራውን ሳይሆን እሱን ታያለች። ትጠብቃለች።

«እሰይ! እሰይ እማዬ!» አለ ድጋሚ። «እንደዚህ አምሮልሽ አያውቅም! አሁን መጨረሻዋን ብቻ፣ እጅሽን ከፍ አድርገሽ፣ ድጋሚ።»

ሰሌዳው ከሚስቱ እጅ አመለጠና ወለሉ ላይ ጮኸ።

እናቱ ማይኳን ከአንገትጌዋ ፈታች፤ የምትሰበር ነገር እንደሆነች ሁሉ ቀስ ብላ አልጋው ላይ አስቀመጠቻት። «ደክሞኛል ልጄ፣» አለችና ወደ ጓሮ ወጣች።

«ምን ሆነች?» አለ ድጋሚ።

ሚስቱ መንገድ ላይ እንዳገኘችው ሰው አየችው። «አልሰማህም እንዴ?»

«ምኑን?»

አፏን በእጇ ያዘች። «እሷን ጠይቃት፣» አለች። «እኔ ሰሌዳ ያዥ ነኝ። ለኔ አልነገረችኝም።»

ጉዱ የፈላው ካሜራውን ከኮምፒውተሩ ጋር ሲያገናኘው ነው። ምስሉ ጥርት ያለ፣ ያማረ። ድምፅ የለም። ገመዱን ነቀለ፣ ሰካ። ድምፅ የለም። ማይኳን አንስቶ መብራቷን አየ፤ ቀይ። የሽቦ ቃል ያን ጊዜ ትዝ አለውና ላብ አጠመቀው።

ምን ያደርጋል! ታሪኩን ያውቀው የለ? የምትለውን ሁሉ ከከንፈሯ እያየ ጽፎ ከሥር ሊያስገባው አሰበ። «ልጄ በስድስት ዓመቱ...» ብሎ ከንፈሯን አየ። አልገጠመም። ወደ ኋላ መለሰው። «አውቶቡስ ተራ ጠፍቶብኝ...» አልገጠመም። ከሰባቱ ደቂቃ አንዱም ቦታ ላይ እሱ የሚያውቀው ዓረፍተ ነገር የለም። እናቱ ሌላ ነገር ተናግራለች። ከዚያ ዓይኗን ቀና አድርጋ ያየችበት ቦታ ደረሰ፤ ከስክሪኑ ጥግ የገዛ ጣቱ ብቅ ብሎ «እዚህ፣ እዚህ» ሲላት አየ። ኮምፒውተሩን ዘጋው።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ።

ወደ ሽቦ ሱቅ ሄደ። ሽቦ ሆዱ የተዘረገፈ ሬዲዮ ላይ አቀርቅሮ ነበር። ነገሩን ሰምቶ ራሱን ነቀነቀ።

«የተበላሸ ድምፅ እጠግናለሁ። ያልገባ ድምፅ ግን ከየት አመጣለሁ? ሂድና መልሰህ ቅረጻት፤ ኮሚቴው በምን ያውቃል?»

«አንዴ ብቻ ነው ያሉት።»

«አንተ ደግሞ ዛሬ ነው እንዴ ሕግ የምታከብረው?»

ድጋሚ ማይኳን ኪሱ ከተተ። እውነቱን ለመናገር፣ ዓርብ ጠዋት ወደ ጓሮ ሲወጣ የካሜራ ቦርሳው ትከሻው ላይ ነበር።

እናቱ የታጠበ አንሶላ ከገመድ እያወረደች ነው። ቦርሳውን አየችው፤ ፊቷ አልተለወጠም።

«መጣህ?» አለች። «ትናንትና ‹እሰይ› ስትል ይቅር ያልከኝ መስሎኝ ነበር። ቀጥለህ ‹ድጋሚ› ስትል ግን፣ አይ፣ ይሄ ቅጣቴ ነው አልኩ። ይገባኛልም አልኩ።»

«ለምኑ ነው እማዬ ይቅር የምልሽ?»

አንሶላውን እንደታቀፈች ቆመች። «አልሰማኸኝም?»

ሊዋሽ ይችል ነበር። «አልሰማሁሽም፣» አለ። «ማይኩም ዝግ ነበር፣ እኔም አልሰማሁም። ምስልሽን ነበር የማየው። የድሮውን የምትዪ መስሎኝ...»

እናቱ ሳቀች። እንዲህ ያለ ሳቅ አይጠብቅም ነበር፤ ከሆዷ የመጣ፣ ትከሻዋን የሚንጥ ሳቅ ነው። «ወይ የኔ ነገር! ሠላሳ ሰባት ዓመት ተሸክሜው፣ አንዴ ከጀርባዬ ባወርደው የሚቀበለኝ ጠፍቶ መሬት ላይ ወደቀ?» አለች፤ ሳቁ መሃል ላይ ተሰበረና ዓይኗን በአንሶላው ጫፍ ጠረገች።

ድጋሚ ቦርሳውን ይዞ ወደ ቤት ተመለሰ። ሚስቱ በሩ ላይ ነበረች። ቦርሳውን ሰጣት፤ ተቀበለችው። ባዶ እጁን ወደ ጓሮ ወጣ።

«ያዝ እንግዲህ፣» አለችው እናቱ የአንሶላውን ሌላ ጫፍ እየሰጠችው። «እጄ ሥራ ከሌለው አፌ አይፈታልኝም።»

አንሶላውን ወጥረው ፊት ለፊት ቆሙ።

«አባትህ የሞተ ዓመት ነው። እህትህ የአራት ወር ሕፃን ናት። ከምንኖርበት ቤት ውጡ ተባልን። እህቴ ጋ፣ ሌላ ከተማ ልሄድ ነው፤ እሷም ‹ከሁለት ልጅ ጋር አላስገባሽም› ብላለች። አሰብኩ። ሕፃኗ አፍ የላትም፤ ብተዋት የማን ነሽ ቢሏት አትናገር። አንተ አፍ አለህ። ስምህን ትናገራለህ፣ ሰው ታስቃለህ። ይሄን ልጅ አንድ ደግ ሰው አይቶ አያልፈውም አልኩ።»

አጠፉት። እናቱ ወደ እሱ መጣች፣ ጫፉን ከእጁ ተቀበለች፤ ጣቶቿ ሻካራ ነበሩ። መልሳ ሌላ አንሶላ አወረደች።

«ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩህ። ከረሜላ ገዛሁልህ። ‹አውቶቡሶቹን ቁጠር፣ መቶ ሲሞላ እመጣለሁ› አልኩህ። መቶ ድረስ መቁጠር እንደማትችል አውቃለሁ። ለዚያ ነው መቶ ያልኩህ። ሕፃኗን አዝዬ ተሳፈርኩ።» ድምፏ አልተንቀጠቀጠም። «አልጠፋህም ልጄ። ትቼህ ነው የሄድኩት።»

ድጋሚ አንሶላውን እንደያዘ ቀረ።

«አውቶቡሱ ተነሳ። ረዳቱ ትኬት ሊቆርጥ መጣ። ‹ስንት ሰው?› አለኝ። ‹ሁለት› አልኩት። ‹ሁለተኛው የታለ? የታዘለ አይቆጠርም› አለኝ። እኔ ሁለት ልል አላሰብኩም። አፌ ነው ያለው። ዞር ብዬ ከጎኔ ያለውን ባዶ ቦታ አየሁት። ‹አውርደኝ› ብዬ ጮህኩ። ‹ፌርማታ ሳይደርስ?› ይለኛል። ሰው ሁሉ ያበድኩ መሰለው። ወርጄ በዚያ ፀሐይ ሮጥኩ፤ ሕፃኗ ጀርባዬ ላይ ታለቅሳለች። ስደርስ እዚያው ወንበር ላይ ነህ፣ እግርህን እያወዛወዝክ። ‹ስልሳ አራት› አልከኝ። ‹ገና ነው እኮ፣ ለምን መጣሽ?› አልከኝ።»

ከአጥሩ ማዶ የሆነ ሰው መኪና ለማስነሳት ይታገላል፤ ሞተሩ ያጓራል፣ ይጠፋል።

«‹ጌታ መለሰልኝ› ስል ውሸቴን አልነበረም፣» አለች እናቱ። «የተመለስኩት ግን እኔ ነኝ እንጂ አንተ አይደለህም። ይሄን መናገር አቃተኝ። እጄን እያነሳሁ አለፍኩት።»

ያ ወንበር፣ ያ ከረሜላ፣ ዕድሜ ልኩን የጎረረበት ያ ቁጥር፣ ሁሉም ከቦታቸው ተነስተው እንደገና ተቀመጡ። ሊናደድ እንደሚገባው ተሰማው፤ ቁጣው ግን ሲፈልገው አልመጣም። የመጣለት ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ልጅ ነው፤ እግሩን የሚያወዛውዘው፣ ምንም ያልፈራው።

«መቶ ሲሞላ ነው ያልሽው፣» አለ።

«አዎ።»

«መቶ ሳይሞላ መጣሽ እኮ።»

እናቱ ፊቱን መረመረች፤ ለማጽናናት የተባለ መሆኑን ልታጣራ ነው። ከልቡ መሆኑን አየችና የተገለበጠው የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ላይ ቁጭ አለች። እሱም አንሶላውን ብቻውን ለማጠፍ ሞከረ፤ አንዱ ጫፍ መሬት ነካ።

«አቆሸሽከው፣» አለችው። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «ለጉዞህ የሚያስፈልግ ከሆነ ካሜራውን አምጣው። አንተ ከሰማኸኝ ወዲያ፣ ማንም ቢሰማኝ አይከብደኝም።»

«አይ እማዬ፣» አለ ድጋሚ። «አንዴ ተናገርሽ፤ በቃ።»

ቅዳሜ ጠዋት ኮሚቴው ተሰብስቦ ነበር። ድጋሚ ካሜራውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ሳይቀመጥ ተናገረ።

«እናቴን ቀርጫለሁ። ድምፅ የለውም።»

«ቀዩ!» ብሎ ሽቦ ግንባሩን መታ።

«ቀዩ።»

ዳይሬክተሯ መነጽራቸውን አወረዱ። «እናትህ ምን እንዳሉ እንግዲህ አንተ ንገረን።»

«የነገረችው ለኔ ነው እትዬ። ለኮሚቴ የሚሆን አይደለም። ደግሞ ስትናገር አልሰማኋትም፤ በማግስቱ መልሳ ነግራኝ ነው የሰማሁት። እናቴ ፊቴ ቁጭ ብላ፣ በገዛ ቋንቋዬ ስትነግረኝ ያልሰማሁ ሰው፣ እዚያ ሄጄ ቋንቋውን የማላውቀው ሽማግሌ ቢያለቅስ ምን አደርጋለሁ ብዬ አሰብኩ።» ካሜራውን ወደ እነሱ ገፋ አደረገው። «መሄድ እፈልጋለሁ። ሌላ ሰው ብትልኩ ግን አልቀየምም።»

ወንጌላዊው መሬት መሬት ያያል። ዳይሬክተሯ እርሳሳቸውን አላንኳኩም፤ በሁለት እጃቸው ይዘውት ቆዩ።

«ካሜራህን አቁመው፣» አሉ።

«እ?»

«እዚህ፣ ፊቴ አቁመው። እንደምትፈልገው አስተካክል፣ ከዚያ ስክሪኑን ክደነው። ክደነው አልኩህ! አንተ እዚህ፣ ወንበሩ ላይ ተቀመጥ። ሽቦ፣ ድምፁን ያዝ።»

ስክሪን ከድኖ መቅረጽ ለድጋሚ ዓይን ጨፍኖ ገደል ዳር እንደ መሄድ ነው። እጁ ሁለት ጊዜ ወደ ካሜራው ሄዶ ተመለሰ። ዳይሬክተሯ ጉሮሮአቸውን ጠረጉና፣ በአርባ ዓመት ሥራቸው ውስጥ ስለ አንድ ተማሪ ተናገሩ። አርፍዶ ስለመጣ ጠዋቱን ሙሉ ፀሐይ ላይ አቁመውታል፤ ልጁ ምንም አላለም። የታመመ አባቱን ተሸክሞ ሐኪም ቤት አድርሶ መምጣቱን ከሌላ ሰው የሰሙት ልጁ ትምህርት ካቆመ በኋላ ነው። በየትምህርት ቤቱ አፈላልገው አላገኙትም። «እግዚአብሔር ይቅር ብሎኛል፣» አሉ፣ «እሱ ግን ይቅር ይበለኝ አይበለኝ አላውቅም»፤ ወደ ድጋሚ ጎንበስ ብለው ነበር የሚናገሩት፣ ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው እንደሌለ።

ሲጨርሱ ሽቦ ማዳመጫውን ከጆሮው አወለቀ። «ድምፁ ንጹሕ ነው፣» አለ ቀስ ብሎ።

ስክሪኑን ከፍተው አዩት። ግማሹ ላይ ዳይሬክተሯ ከአፍንጫቸው በላይ የሉም።

«ግንባሬ የት ሄደ?» አሉ።

«ወደኔ ጎንበስ ሲሉ ወጣ፣ እትዬ። እርስዎን ነበር የማየው።»

ሽቦ ሳቁን ሊይዝ ቢሞክርም አመለጠው። ወንጌላዊው «ድጋሚ ይቀረጽ ይሆን?» አለ።

«ዝም በል አንተ!» ዳይሬክተሯ መነጽራቸውን ለድጋሚ አወረዱለት። «ምን አልኩ?»

ድጋሚ ነገራቸው። ፀሐዩን፣ ልጁ ዝም ማለቱን፣ በየትምህርት ቤቱ መዞራቸውን፣ ድምፃቸው «አባቱን» የሚለው ላይ መቆረጡን ሳይቀር። አንድም አላስቀረ። ዳይሬክተሯ መነጽራቸውን አውልቀው በቀሚሳቸው ጫፍ ጠረጉት፤ ሲጠርጉት ቆዩ።

«ፓስፖርትህን ሰኞ ይዘህ ና፣» አሉ። «ካሜራውን ደግሞ ከዚህ በኋላ ትንሽ ራቅ አድርገህ ማቆም ተማር። ሰው ግንባር አለው።»

በመሄጃው ቀን ሻንጣው ሚዛን ላይ ወጥቶ ሦስት ጊዜ ወረደ፤ ሚስቱ አንድ ጫማ ባወጣች ቁጥር እሱ አንድ ባትሪ ይጨምራል። ሽቦ በማይኳ ላይ ወረቀት ለጥፎ በትልልቁ «ቀይ ማለት ደንቆሮ ማለት ነው» ብሎ ጽፎባታል። መኪናው በር ላይ ጥሩምባ ነፋ።

እናቱ ወደ ደጃፉ ወጣች። ለማልቀስ የመጣች አትመስልም።

«ስንት ቀን ነው ያልከኝ?»

«ሃያ አንድ።»

አንገትጌውን አስተካከለችለት፤ ከአንገትጌው ላይ የሌለ ነገር አራገፈች።

«መቶ አይሞላም፣» አለች።